የግራው ፓራፋንጎ

ከባሌ ከሰይድ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ለአሮጌው ወኔት ጎማ ማስገባት ነበር። ወኔት ኩዌቶች ፒካፕ መኪናን የሚጠሩበት ስም ነው። ጎማ ስል የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም። ከእግሩ በላይ ጭቃ የሚከለክለው ጎባጣ ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት፣ ከጭነቱ ሳጥን ጋር በሚገናኝበት መስመር መሀል የሚገባ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ አለ። አንዱ ጠርዙ ጠፍጣፋ ነው፣ ተደብቆ ይቀራል። ሌላው ጠርዝ እንደ ጫማ ማሰሪያ ድቡልቡል ሆኖ በውጭ ይታያል። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ እንዳይፋጭ፣ አቧራና ውሃም እንዳይገባ ነው። ሰይድ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለነበር «ይኼ የመኪና ቅምቅማት ነው» ይል ነበር።

ቀኑ ዓርብ ይመስለኛል፤ በዚያ ሰሞን ግን ቀኑ ሁሉ ዓርብ ይመስል ስለነበር አልምልበትም። መስጊዱ በወረርሽኙ ተዘግቶ፣ አዛን የሚያደርገው ሰው «ወደ ሶላት ኑ» በሚልበት ቦታ «በየቤታችሁ ስገዱ» ይል ነበር። መጀመሪያ ስንሰማው ተያየን፣ ኋላ ለመድነው። የምንኖረው ሱራ በሚባል ሰፈር፣ በማዳም ግቢ ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ነው። እኔ የቤቱ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ሰይድ ሾፌሩ ነበር። መኪናው ከበራችን ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሟል። እሱ ከሥሩ በጀርባው ተንጋሎ ቡሎን ያስገባል፤ እኔ ከውጭ ቆሜ ጎማውን ወጥሬ ይዣለሁ።

«ሳብ አድርጊው፣ ከዲጄ።»

«ስቤዋለሁ።»

«እንደ ሊጥ አይደለም። እንደ ገመድ ነው የሚሳበው።»

«አንተ ደግሞ ትእዛዝህ የጄኔራል ነው፣ የምታየው ግን የወኔት ሆድ ብቻ ነው።»

ሲስቅ ድምፁ በቆርቆሮው ውስጥ አለፈና እጄ ላይ ተሰማኝ። ሥራው ችኮላ አይወድም። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይያዛሉ፤ ሁሉም ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፎች በቁልፍ ይጠብቃሉ። ከጫፍ የጀመረ ሰው ጎማውን መሀል ላይ ያጨማድደዋል። ቡሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጠፍጣፋውን ጠርዝ በወጥ ቤት መቀስ እሰነጥቅለት ነበር። እንዲንሸራተት ብዬ ዘይት ባመጣ ከሥር ጮኸ፤ «ዘይት ጎማ ይበላል! ሳሙና አምጪ!» የሰሃን ሳሙና አመጣሁ። መጨረሻ ላይ፣ ጎንበስ ብዬ ድቡልቡሉን ጠርዝ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ሳለሁ ሻርፔ ተንሸራቶ በጎማውና በቆርቆሮው መሀል ገባ። እሱ አላየም፤ አጠበቀ። ቀና ልል ስል አንገቴ ተያዘ።

«ሰይዴ፣ ታስሬያለሁ።»

ወጥቶ አየኝ። በግራው ፓራፋንጎ እንደታሰረች ፍየል ቆሜያለሁ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ መቀሱን አንስቶ የሻርፔን ጫፍ ቆረጠውና ለቀቀኝ። «በቃ ይቆይ። ነገ የቀኙን ስናስገባ ይህንንም ፈትቼ አወጣዋለሁ» አለ። የጥፍር ያህል ጨርቅ በጎማው ጠርዝ ላይ ወጥታ ቀረች። ሻርፑ ዓሣ ስጠብስ የማስረው፣ ታጥቦ ታጥቦ አበባው የጠፋ ቡኒ ሻርፕ ነበር። ከሙባረኪያ ገበያ የገዛልኝ አረንጓዴው ሻርፕ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ታጥፎ ነበር። እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ አረንጓዴውን አስሬ እወጣ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሽታ ነው። በቅርቡ ጀምዒያ፣ ማለት የሰፈሩ ትልቅ ሱቅ፣ ለማዳም የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ልገዛ ገብቼ ከመደርደሪያው ሳወርደው አዲስ ጎማ ሸተተኝ። ጋሪዬን ይዤ እዚያው ቆምኩ። አንዲት ፊሊፒናዊት «ሲስተር፣ ታልፊያለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው የተንቀሳቀስኩት። ምንጣፉን ሳልገዛ ተመለስኩ። ማዳም ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ኩዌት ገና ከወረራው ጦርነት ሽታ ባልወጣችበት ዘመን ነው። ከኮምቦልቻ ስወጣ የለበስኩት ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ ኤርፖርት ላይ የተቀበለችኝ ማዳም አየችውና «ይኼማ የነርስ ነው» አለች። ያኔ ስልክ በእጅ የያዘ ሰው አልነበረም። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉት ሴቶች በካሴት ድምፃቸውን ቀድተው፣ ወደ አገር በሚመለስ ሰው ይልኩ ነበር። ዓርብ ፈቃድ ያላት ሴት መቶ ፊልስ ከፍላ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ትወርድና ሚርቃብ የሚባለው ሰፈር ጥግ ላይ፣ ሰዓት ከሚጠግነው የህንድ ሱቅ ፊት ለፊት ትቆማለች። ሁላችንም እዚያ ነበርን፤ የወሎዋ፣ የአርሲዋ፣ የጎንደሯ። ሻይ በሃምሳ ፊልስ፣ በብርጭቆ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ይቀዳል። የካሴት ሱቁ ሰውዬ ሐበሾች ስንመጣ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ የኛን አገር ዘፈን ይከፍትልናል። አንድ አምባሰል ነበረው፣ ከብዙ መከፈት የተነሳ መሀሉ ላይ ድምፁ እየቀጠነ የሚመለስ። እስከ ዛሬ አምባሰል ስሰማ ያ ቦታ ሲደርስ ይቀጥናል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሰይድ እኔ ከገባሁ በኋላ ነው በዚህ ቤት ሾፌርነት የተቀጠረው። ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ቡና ዓይነት ኮት ነበረው፤ ማበጠሪያ ከኋላ ኪሱ አይጠፋም። መጀመሪያ ያናገረኝ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው።

«የኮምቦልቻ ልጅ ነሽ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«አነጋገርሽ።»

«ገና አሁን ነው የተናገርኩት።»

«አሁን ነው ያወቅሁት።»

ያን ጊዜ ወኔቱ የማዳም ባል መኪና ነበር። ያኔም አሮጌ ነው፤ አሜሪካ ሠራሽ፣ አፍንጫው የተነፋ፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹ እንደ ሁለት ዳሌ ወጣ ወጣ ያሉ። ክረምት ሲገባ፣ እዚህ ክረምት የሚሉት የኛን ጥርና የካቲት ነው፣ ቤተሰቡ በረሃ ወጥቶ ድንኳን ይተክላል። ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ ድስቱ፣ በጉ፣ እኛም፣ በወኔቱ ነበር የምንሄደው። ሰይድ እየነዳ በኋላው መስኮት ያየኛል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ በጉን በአንድ እጄ፣ ሻርፔን በሌላው ይዤ እሄዳለሁ። መኪናው ሲነጥር ፓራፋንጎዎቹ ይንቋቋሉ፤ ጎማቸው ያኔ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። በዚያ ድምፅ ምክንያት ከፊት ምን እየዘፈነ እንደሆነ አይሰማኝም፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ግን አያለሁ። ኒካችን የታሰረው በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በማዳም ባል የእንግዳ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ አላህ አልሰጠንም። ሌላው ሁሉ ነበረን።

የማዳም ባል ሲሞቱ መኪናው በሸራ ተሸፈነ። ብዙ ዓመት ሸፍነን ኖርን። ማዳም አንድ ቀን ሸራው ላይ ድመት ወልዳ አየችና ሰይድን ጠርታ በዐረብኛ አጠራር «ያ ሰይድ፣ ይህን መኪና ወይ አስነሳልኝ ወይ አስወስድልኝ» አለችው። አስነሳው። ዓርብ ዓርብ ኑሩ እየመጣ ያግዘው ጀመር። ኑሩ ሹዌክ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ሰይድን ጋሼ ይለዋል፣ እኔን እትዬ። ሞተሩን አወረዱ፣ ቆርቆሮውን ፍቀው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ቀቡት። የፓራፋንጎዎቹን ጎማ የማዳም ልጅ ከአሜሪካ አስመጣ። ካርቶኑ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ኤርፖርቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ኑሩ የሚኖርበት ጅሊብ ዙሪያውን በአጥር ተዘጋ፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ሥራው ለሁለት ሰው ነው። ሰይድ ጎማውን በእጁ እየጠቀለለ ብዙ ቀን ቆየና «ከዲጄ፣ ነይ ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩለት።

የቀኙን በማግስቱ አላስገባንም። ሲነሳ ወገቤን አለ። ከዚያ ሳሉ መጣ። ማዳም ከፎቅ በረንዳዋ ላይ ቆማ በስልክ አምቡላንስ ጠራች። ሙሉ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ፊታቸው ስለማይታይ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አላወቅሁም። በራሱ እግር ሄዶ ወጣ። አምቡላንሱ ጋ ሲደርስ ዞሮ «የቀኙን እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት» አለ። «ቻርጀርህን ይዘሃል?» አልኩት። ይዟል። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም። ለጥቂት ቀን ደወለ፤ ኋላ ላይ መናገር ስለሚያደክመው እኔ አወራለታለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል። ከዚያ ስልኩን የማያነሳበት ቀን መጣ።

ሆስፒታሉ የደወለው ለማዳም ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ራሷን ሳትሸፍን ወደ ወጥ ቤት ወረደች፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲያ ሆና ወርዳ አታውቅም። በሩ ላይ ቆመች። «ያ ከዲጃ» አለች። ሽንኩርቱን ጨርሼ ከተፍኩት። ቀብሩ ላይ ከኛ ወገን ማንም አልነበረም። ኑሩ ከአጥሩ ውስጥ ነው። የማዳም ልጅ ሄዶ ከሩቅ ቆሞ ሰገደበት፤ ተመልሶ ቦታው ጥሩ ነው፣ አፈሩ ንጹሕ ነው አለኝ። እሺ አልኩት። ሰው ሁሉ እንዳለቅስ ይጠብቅ ነበር፣ በስልክም ቢሆን። ከኮምቦልቻ እህቴ ደውላ «ኧረ ጩኺ፣ ይወጣልሻል» ትለኛለች። የሚወጣ ነገር አላገኘሁም።

ዒዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም፣ ለባዳ ወንድ አትታይም። እኔ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። አገሩ ሁሉ ዒዳ ተቀምጦ ነበር። መንገዱ ባዶ፣ ሱቁ በቀጠሮ፣ ሰው በጭምብል። ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ ወኔቱን አያለሁ። ከመስኮቱ የሚታየኝ የግራ ጎኑ ነው። ጨርቋ ከዚያ አትታይም፤ የት እንዳለች ግን አውቃለሁ።

የጅሊብ አጥር ሲነሳ ኑሩ መጣ። በሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጭምብሉ ራሰ። ውሃ በሌላዋ የማዳም ሠራተኛ ላክሁለት፤ እኔ ዒዳ ላይ ስለሆንኩ በመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነው ያፅናናሁት፣ እሱም እዚያ ሆኖ ነው እኔን ያፅናናኝ። ማዳም መኪናው እንዲያልቅ ትፈልግ ነበር። «በአንድ በኩል ለብሶ በአንድ በኩል ራቁቱን ቆሞ ሳየው ይከብደኛል» አለች። ሰይድ እንዳትነኩት ማለቱን ነገርኳት። «እሱ ያለው እስኪመጣ ነው። አይመጣም፣ ያ ከዲጃ» አለች። ይህንን በግልጽ የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሺ አልኩ።

ኑሩ በሳምንቱ ዕቃውን ይዞ መጣ። የቀኙን ከመጀመሩ በፊት የግራውን ሊያይ ጎንበስ አለ። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ጣቱን በጎማው ጠርዝ ላይ እያስኬደ መጣና ቆመ።

«እትዬ! እዚህ ውስጥ ጨርቅ ተቀርቅሯል።»

«አውቃለሁ።»

«ጨርቅ ውሃ ይይዛል። ውሃ ይዞ ቆርቆሮውን ከውስጥ ይበላዋል። ይኼን ሁሉ ቀለም በከንቱ ነው የቀባነው። ፈትቼ እንደገና ነው የማስገባው።»

«እንዳትፈታው።»

ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። መጋረጃው ብቻ ነው የሚታየው። «እትዬ፣ ጋሼ ራሱ ቢያየው ይፈታው ነበር እኮ።»

«አይቶታል።»

«አይቶ ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«የቀኙን ስናስገባ ፈትቼ አወጣዋለሁ አለ።»

«ታዲያ! ራሱ ብሎልሻል!»

«እሱ እፈታዋለሁ አለ እንጂ ኑሩ ይፈታዋል አላለም።»

ኑሩ ቁልፉን እጁ ላይ እየመታ ቆየ። ቢፈታው ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፤ ዒዳ ላይ ነኝ፣ ወጥቼ እጁን አልይዝም፣ መኪናውም የኔ አይደለም። ሰይድ ለብሶት የሄደው ልብስ፣ ስልኩ፣ ቻርጀሩ ሁሉ ከሆስፒታሉ አልተመለሰም፤ በሽታው አለበት ብለው አቃጠሉት። ሁለታችን አብረን ነክተነው በነካንበት ቦታ የቀረ ነገር ያ መስመር ብቻ ነበር። ይህንን ለኑሩ አልነገርኩትም። እሱ ግን ቁልፉን ወደ ሳጥኑ መለሰው።

«እሺ። እንግዲያው እርጥበት አይድረሰው። ከታጠበ ይድረቅ፣ እስከ ሥሩ ድረስ። አለዚያ ዝገት ሲወጣ ጋሼ ሥራ አበላሸ ነው የሚባለው።»

«ይደርቃል» አልኩት።

ቀጥሎ ለቀኙ የሚይዝለት ሰው ጠፋ። የማዳም ልጅ ልሞክር ብሎ ጎማውን ሲስብ ከጫፉ አስለቀቀው። ኑሩ ከሥር ሆኖ «ኧረ ጌታዬ፣ የበግ ጭራ አይደለም!» አለ በአማርኛ፣ ሰውዬው እንደማይሰማ ያውቃል። ማዳም ይህን ሁሉ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። ልጇን ወደ ቤት ግባ አለችውና ወደ መስኮቴ መጣች።

«ውጪና ያዢለት።»

«ዒዳ ላይ ነኝ፣ ማዳም።»

«የግቢው ሐውሽ ቤትሽ ነው፣ አጥር አለው። ልጁ ከመኪና ሥር ነው፤ ከአንቺ የሚያየው ሸበጥሽን ብቻ ነው። ሸበጥ አይቶ ለጋብቻ የጠየቀ ወንድ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

እሷም ባሏን ያጣች ሴት ናት፤ ዒዳን ከኔ በፊት ታውቀዋለች። ሻርፔን ወደ ኋላ አጥብቄ አስሬ ወጣሁ። ያን ቡኒውን ነበር ያሰርኩት፣ ጫፉ የተቆረጠውን። መቀሱን፣ የሰሃን ሳሙናውን ያዝኩ። ኑሩ ከሥር «እትዬ፣ ደርሰሻል?» አለ። «ሸበጤን አላየህም?» አልኩት። ሳቀ መሰለኝ፣ ወይም አለቀሰ፤ ከቆርቆሮ ሥር የሚመጣ ድምፅ አይለይም። ከመሀል ጀምር አልኩት። በጣትህ ብቻ፣ ገና አታጥብቀው። እንደ ሊጥ ሳይሆን እንደ ገመድ ሳብኩት። ማዳም ወንበር አስመጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና የጎማውን ትርፍ ጭኗ ላይ ጠቅልላ እየፈታች ትሰጠኝ ነበር፤ እጇ ላይ ሳሙና ሲወርድ በአባያዋ ጠረገችው። ኑሩ የመጨረሻውን ቡሎን ሲያጠብቅ ድቡልቡሉ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ተቀመጠ፣ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። ከግራው ይልቅ የቀኙ ቀጥ ብሎ ገባ። ቆሜ አየሁት። ደስ ይለኛል ወይም ይከፋኛል ብዬ ነበር፤ ሁለቱም አልሆነም። ገብቼ ሩዙን አወረድኩ።

አሁን ጊዜው አልፏል። ጭምብሉ ወልቋል፣ መስጊዱ ተከፍቷል፣ አዛኑ ወደ ድሮው ተመልሷል። ሚርቃብ የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ የለም፤ በቦታው ስልክ ይሸጣል። አውቶቡሱም ሻዩም በድሮው ዋጋ አይገኝም። ኑሩ አግብቶ ከጅሊብ ወጥቷል፤ ሲደውል አስቀድሞ «ደረቀ?» ይለኛል፣ ከሰላምታ በፊት። እህቴ አገር ግቢ ትለኛለች። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኳትም። ማዳም እግሯን ስለሚያማት በረሃ አትወጣም፤ ልጇ ግን ብርድ ሲገባ ወኔቱን አስነስቶ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ይወጣል። ፓራፋንጎዎቹ አይንቋቁም።

ሲመለሱ መኪናው በአሸዋ ተሸፍኖ ይመጣል፤ ሐውሹ ውስጥ ይታጠባል። ሁሉም ከገቡ በኋላ የማዳምን አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ በረጅም ገመድ ሰክቼ አወጣለሁ። በግራው ፓራፋንጎ በኩል እንበረከክና ያቺን ቦታ አደርቃለሁ።